«አረማዊ» የሚባለው የዩክሬን ገና፦ ማስረጃው የሚለውና የማይለው

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2023 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ የገናን ሕዝባዊ በዓል ከጃንዋሪ 7 ወደ ዲሴምበር 25 የሚያዛውር ሕግ ፈረሙ። ከሕጉ ጋር የቀረበው ማብራሪያ ዓላማውን አልሸሸገም፤ በጃንዋሪ 7 ማክበር ሩሲያ የጫነችው ውርስ ስለሆነ ከዚያ መላቀቅ ያስፈልጋል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ደግሞ ከሞስኮ የተለየችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነች የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደ አዲሱ አቆጣጠር ገቡ። ከሞስኮ ፓትርያርክ ጋር በታሪክ የተሳሰረችው ሌላዋ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን በአሮጌው ቀን ጸናች።

ጃንዋሪ 7 ለእኛ ታኅሣሥ 29፣ የልደት ቀን ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቀን ያገኘችው በራሷ ባሕረ ሐሳብ እንጂ ከሞስኮ ተቀብላ አይደለም። ቀኑ በራሱ ሩሲያዊ አለመሆኑን ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በዩክሬን ግን ቀን ሲመረጥ ወገንም አብሮ ይመረጣል፤ በጦርነት ላይ ላለ ሕዝብ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

የቀኑ ክርክር ሌላ የቆየ ክርክር ይዞ መጣ። ዲሴምበር 25 ሌሊቱ እጅግ ለሚረዝምበት ቀን የቀረበ ነው፣ አባቶቻችን ክርስትና ሳይመጣ የፀሐይን ልደት ያከብሩ የነበረው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ወደ ጥንቱ ተመለስን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በየዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ የዩክሬን መገናኛ ብዙኃን የገና ዘፈኖች፣ የነዶው፣ የንፍሮውና የጭምብሉ ልማዶች ሁሉ ከክርስትና በፊት የነበሩ እንደሆኑ ይጽፋሉ። እኔ በዚህ አባባል በግማሹ እስማማለሁ። በእርግጥም ከክርስትና የቀደመ ነገር አለ። ነገር ግን ከሚባለው ያነሰ ነው፤ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ሰዎች በማይፈልጉት ቦታ ነው። «አረማዊ» የሚለው ስያሜም የራሱ ታሪክ አለው፤ ቤተ ክህነት፣ ኮሚኒስቶችና ብሔርተኞች እየተቀባበሉ ለየፍላጎታቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

መጀመሪያ ልማዱን እንየው። በገና ዋዜማ ምሽት ቤተሰቡ ሰማዩ ላይ የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትታይ ይጾማል። ከገበታው ልብስ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል፤ በገበታው አራት ማዕዘን ነጭ ሽንኩርት ይቀመጣል። የቤቱ አባወራ ከመኸር ያቆየውን የእህል ነዶ፣ ዲዱኽ የሚሉትን፣ ይዞ ገብቶ ከቅዱሳን ሥዕላት ሥር ያቆመዋል። ጾም ያልሻሩ 12 ዓይነት ምግቦች ይቀርባሉ። ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመሰው ኩትያ ነው፤ በማርና በፖፒ ዘር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ። ይህ ንፍሮ በዘመዶች ቀብርና በሙታን መታሰቢያም ይበላል። በዚያች ምሽት ለሞቱ የቤተሰቡ አባላት ማንኪያና ሳሕን የሚያስቀምጡ አሉ፤ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩ ላይ እፍ የሚሉም ነበሩ፣ የማትታይ ነፍስ ተቀምጣ እንደሆነ እንዳይጫኗት። አባወራው በሩን ከፍቶ ውርጭን በስሙ ይጠራዋል፦ ና ኩትያ ብላ፣ ካልመጣህ ግን በጸደይ አዝመራዬን እንዳትነካ።

ከእራት በኋላ ዘማሪዎች በየቤቱ ይዞራሉ። ለአባወራው፣ ለእመቤቲቱ፣ ለልጃገረዷ፣ ለወንዱ ልጅ የየራሳቸው ዘፈን አላቸው፤ ልክ በቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ የቤቱን ጌታ እንደሚያወድሱት፣ ምርቃትን በስጦታ ይለውጣሉ። በገና የሚዘፈነው ኮሊያድካ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚዘፈነው ሽቸድሪቭካ ይባላል። በዘመን መለወጫ ንጋት ወንዶች ልጆች በየቤቱ እየገቡ ወለሉ ላይ እህል ይበትናሉ፤ የመዝራት ምኞት ነው።

ይህን ያየ ሰው «ከክርስትና በፊት የነበረ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ የሚጀምረው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ብዙ ጽሑፎች በዓሉ ኮሊያዳ ለሚባል የፀሐይ አምላክ ይከበር እንደነበር ይናገራሉ። ይህ አምላክ ግን በጥንቱ ምንጭ ውስጥ የለም። የኪየቭ ጥንታዊ ዜና መዋዕል ልዑል ቮሎዲሚር በ980 በኮረብታው ላይ ያቆማቸውን ጣዖታት በስም ዘርዝሯል፦ ፔሩን፣ ሖርስ፣ ዳዥቦግ፣ ስትሪቦግ፣ ሲማርግልና ሞኮሽ። ኮሊያዳ ከእነርሱ ጋር አልተቆጠረም። እንደ አምላክ የሚጠቀሰው ሕዝቡ በ988 ከተጠመቀ ከስድስት ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክህነት ሊቃውንት ባዘጋጁት የታሪክ ድርሳን ነው፤ በ1674 በኪየቭ የታተመውና በሰፊው የተነበበው የአባ ኢኖኬንቲ ጊዜል ሲኖፕሲስ አንዱ ነው። እነዚህ ሊቃውንት የበዓሉን ስም ሰምተው ከጀርባው አምላክ ይኖራል ብለው ገመቱ። ቃሉ ራሱ ከላቲኑ ካሌንዴ፣ ከሮማውያን የወር መባቻ የመጣ መሆኑን አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ሩማኒያውያን ኮሊንዳ፣ ግሪኮች ካላንዳ የሚሏቸው የገና ዘፈኖችም ስማቸው ከዚሁ ነው፤ ሁለቱም እንደ ዩክሬናውያን ያሉ ስላቭ ሕዝቦች አይደሉም።

የፀሐይ ልደት ክርክርም በቀላል ስሌት ይፈተናል። ቮሎዲሚር በተጠመቀበት ዘመን ይሠራበት የነበረው አሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ5 ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ ረጅሙ ሌሊት የሚውለው በዚያው አቆጣጠር በዲሴምበር 16 ገደማ ነበር። ገና ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ የኪየቭ ሰዎች ከቁስጥንጥንያ የተቀበሉት ቀን ከመጀመሪያው ሲቀበሉትም ከረጅሙ ሌሊት ርቆ ነበር። ዛሬ ወደ ዲሴምበር 25 መዛወራቸው ወደ ሮማው የጥንት ስሌት ያቀርባቸዋል እንጂ ወደ ጥንታዊ የኪየቭ በዓል አይመልሳቸውም። ለውጡን የምደግፈው ሰው እንኳ ብሆን ይህን ምክንያት አላቀርብም፤ ከሚገድላቸው መንግሥት ጋር የበዓል ቀን አለመጋራት መፈለጋቸው በቂ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከክርስትና በፊት የነበረው የት አለ? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ስለ ፀሐይም ስለ አማልክትም አይደለም፣ ስለ ዳቦ ነው። የዴንማርኩ ታሪክ ጸሐፊ ሳክሶ ግራማቲኩስ በባልቲክ ባሕር በምትገኘው በሩገን ደሴት፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ፣ በአርኮና የነበረውን የስላቮች ቤተ ጣዖት ገልጿል። ስቫንቴቪት የተባለው አምላክ ካህን በዓመታዊው የመኸር በዓል ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ በማር ጠጅ የጣፈጠ ክብ ኅብስት በራሱና በሕዝቡ መካከል ያቆማል። ከዚያም እታያችኋለሁ ወይ ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። እናይሃለን ሲሉት፣ ለከርሞ እንዳታዩኝ ያድርግ ብሎ ይመርቃል፤ አዝመራው በዝቶ ኅብስቱ ፈጽሞ ይሰውረኝ ማለቱ ነው። ቤተ መቅደሱን የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር በ1168 አፈረሰው።

ከዚያ ከሰባት ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ከአርኮና ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የባህል ተመራማሪዎች በዩክሬን መንደሮች አንድ ነገር መዘገቡ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ አባወራው ከተከመረ ዳቦና ኬክ ጀርባ ይቀመጣል። ልጆቹ ገብተው አባታችን የት አለ ይላሉ። አታዩኝም? አናይህም። እንግዲህ ለከርሞም እንዳታዩኝ እግዚአብሔር ይስጠን። ተመሳሳይ ጥያቄና መልስ በሄርዞጎቪና ሰርቦች ዘንድም በገና ዳቦ ተመዝግቧል። ሦስቱም ሕዝቦች ስላቮች ናቸው፤ የሩገኑን ልማድ ከሳክሶ መጽሐፍ አንብበው አልቀዱትም፤ መንደርተኛው ላቲን አያነብም። ልማዱ ስላቮች ሳይበታተኑ የነበራቸው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። አስተውሉ ግን፣ አባወራው የጠራው ስቫንቴቪትን አይደለም። አምላኩ ሄዷል፤ የቀረው የገበሬው ጭንቀትና ከዳቦው ጀርባ መደበቁ ነው። ከአረማዊው ዘመን እስከ ዛሬ የዘለቀው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ አማልክት የሚተረከው ሳይሆን፣ ስለ እህል፣ ስለ ከብትና ስለ ሙታን በእጅ የሚሠራው።

የጭምብሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በቅድስት ሜላንያ ዕለት፣ በቼርኒቭትሲ አውራጃ ማላንካ የሚባለው ጨዋታ ይደረጋል። ወንድ ልጅ እንደ ሴት ለብሶ ማላንካ ይሆናል፤ ፍየል፣ ድብ፣ ሽማግሌ፣ ሐኪም፣ ሰይጣን ይከተሉታል። በክራስኖይልስክ ድቦቹ ከራስ እስከ እግር በገለባ ይሸፈናሉ፤ ክብደቱ ጎልማሳ የሚያንገዳግድ ነው። ፍየሏ ትሞትና ትነሣለች፤ ፍየል በሄደችበት እህል ይበቅላል እየተባለ ይዘፈናል። ብዙዎች ይህንን የስላቮች የጥንት አምልኮ ይሉታል። ሆኖም ክራስኖይልስክ ሩማኒያኛ ተናጋሪ መንደር ነች፤ ጭምብሉም በቡልጋሪያ፣ በግሪክና በሩማኒያ ሁሉ አለ። በ692 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው የትሩሎ ጉባኤ በ62ኛው ቀኖናው የካሌንዴን በዓል፣ ወንድ የሴት ልብስ መልበሱንና የጭምብል ጨዋታን በግልጽ አውግዟል። ይህ የሆነው ኪየቭ ከመጠመቋ ሦስት ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጭምብሉ አረማዊ ነው ቢባል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከኪየቭ ኮረብታ ይልቅ ከሮማ አደባባይ፣ ምናልባትም ከክርስትናው ጋር በአንድ መንገድ የመጣ አረማዊነት ነው። ያው ቀኖና ወደ ስላቮንኛ ተተርጉሞ በየገዳሙ ስለተገለበጠ፣ አንድ የኪየቭ መነኩሴ ጭምብልን ሲያወግዝ በመንደሩ ያየውን ይጻፍ ወይስ የግሪኩን ይገልብጥ መለየት ከባድ ነው።

ወደ ዘፈኖቹ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ይበልጥም ይወሳሰባል። ሰማይና ምድር ሳይኖሩ ሰማያዊ ባሕር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በባሕሩ ላይ ባለ ዛፍ ርግቦች ተቀምጠው ዓለምን እንዴት እንመሥርት ብለው እንደመከሩ፣ ወደ ባሕሩ ወለል ጠልቀው አሸዋ አውጥተው ምድርን እንደሠሩ የሚናገር ኮሊያድካ አለ። በምዕራብ ዩክሬን ተራሮች የተሰበሰበ ነው። ስለ ኦሪት ዘፍጥረት ምንም አያውቅም፤ ውበቱ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል ጭቃ አውጥቶ ምድርን የመሥራት ተረት ከባልካን እስከ ሳይቤሪያ የተሠራጨ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን በኑፋቄ መጻሕፍትም ተዘዋውሯል። ጥንታዊ ሊሆን ይችላል፤ የስላቮች ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም።

በዓለም ዘንድ እጅግ የታወቀው ሽቸድሪክ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሚኮላ ሌዎንቶቪች ከሕዝብ የወሰዳትን አራት ኖታ ያላትን ዜማ ለመዘምራን አቀናብሮ፣ በ1916 መጨረሻ ኦሌክሳንድር ኮሺትስ የሚመራው የኪየቭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መዘምራን አቀረበው። ነጻነቷን ያወጀችው ዩክሬን በ1919 ያንን መሪ ከመዘምራኑ ጋር ለዲፕሎማሲ ወደ አውሮፓ ላከች፤ ኦክቶበር 5 ቀን 1922 በኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ተዘመረ። ሌዎንቶቪች ይህን አላየም፤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1921 የቦልሼቪኮች የስለላ ወኪል በወላጆቹ ቤት በጥይት ገድሎታል። በ1936 ፒተር ዊልሆውስኪ ስለ ደወሎች የሚናገር የእንግሊዝኛ ግጥም ጻፈለትና አሜሪካውያን የገና ዘፈናቸው አደረጉት።

የዩክሬንኛው ግጥም ግን ስለ ገናም ስለ ደወልም አይናገርም። ከቤት ጣራ ሥር ጎጆዋን የምትሠራው ትንሽ ወፍ በርራ መጥታ ጌታውን ትጠራዋለች፦ ውጣ፣ በረትህን እይ፣ በጎችህ ወልደዋል። ይህች ወፍ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ዩክሬን ውስጥ የለችም፤ ከብርዱ ሸሽታ ከሰሃራ በታች፣ እኛ አህጉር ላይ ነች። ስለዚህ ዘፈኑ ዓመቱ በማርች ይጀምር ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው ይባላል፤ በጥንታዊቷ ኪየቭ ዜና መዋዕል ዓመቱ በእርግጥም በማርች ይጀምር ነበር። ይህ ማብራሪያ ይስበኛል። በግሪክ ሮድስ ደሴት ልጆች በጸደይ ስለዚህችው ወፍ እየዘፈኑ በየበሩ ምግብ ይለምኑ እንደነበር ጥንታዊው ጸሐፊ አቴናዮስ መዝግቧል፤ ዓይነቱ እንደዚህ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን ሌላም ማብራሪያ አለ። የምርቃት ዘፈን የሚመኘውን ጊዜ እንደደረሰ አድርጎ ይናገራል፤ በበረዶ መካከል የቆመ ዘማሪ የጸደይን ወፍ ቢጠራ መመረቁ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ «ተረጋግጧል» የሚል ሰው ማስረጃውን አልፎ ሄዷል።

ከጎናቸው የሚዘመሩት ደግሞ ስለ ቤተልሔም የሚናገሩት ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የባሮክ ዘመን (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን) መነኮሳትና ደብተራዎች የደረሷቸው ሲሆኑ፣ በ1790 እና 1791 በፖቻይቭ ገዳም በታተመው ቦሆህላስኒክ ተሰብስበዋል። ሄሮድስን፣ ሞትንና መልአክን የሚያሳየው ቨርቴፕ የተባለው የአሻንጉሊት ትያትርም ከዚያው ዘመን፣ ከኪየቭ አካዳሚ ተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በአንዲት መንደር በአንድ ምሽት የርግቦቹ ዘፈንም የመነኩሴው መዝሙርም ይሰማል፤ ዘፋኞቹ አይለያዩዋቸውም። ሁትሱል የተባሉት ተራራ ሰዎች በሚኖሩበት በካርፓትያ፣ በክሪቮሪቭንያ፣ ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው፣ ረጅሙን መለከት እየነፉ የሚወጡት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ካህኑ ባርኮ ሲያሰናብታቸው ነው፤ የሚሰበስቡትንም ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጣሉ።

ይህን ድብልቅ ለመለያየት የሞከሩት ሁሉ የራሳቸው ዓላማ ነበራቸው። በ16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን መገናኛ የአቶስ ተራራ መነኩሴ የነበረው ኢቫን ቪሸንስኪ ኮሊያዳን ከከተማና ከመንደር አባርሩ፣ የዘመን መለወጫውን ምሽት ወደ ረግረግ ንዱት ብሎ ጻፈ። የሞስኮው ዛር አሌክሲ በ1648 ኮሊያዳን በአዋጅ ከለከለ። ለእነርሱ «አረማዊ» ማለት የሚጠፋ ማለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ፤ መንግሥት የሌላቸው ሕዝቦች ምሁራን ጥንታዊነታቸውን በመንደር ዘፈን ውስጥ ፈለጉ፣ አረማዊነትም ክብር ሆነ። የካርኪቩ ሊቅ ኦሌክሳንድር ፖቴብንያ በጥንቃቄ የሠራውን ሌሎች ያለ ጥንቃቄ አሰፉት።

ሶቪየቶች ስያሜውን ከሁሉ በብልሃት ተጠቀሙበት። ሃይማኖትን ለማስወጣት፣ ልማዱ ከክርስትና በፊት የነበረ የገበሬ ጨዋታ ነው ማለት ይበጃቸው ነበር። በዚህ መንፈስ ሞስኮ ውስጥ በ1980ዎቹ አርኪዮሎጂስቱ ቦሪስ ሪባኮቭ ስለ ስላቮች አረማዊነት ሰፋፊ ግምቶችን አሳተመ፤ ዛሬ በኢንተርኔት የሚዞረው ብዙው ነገር ከእርሱ የወጣ ነው። በቀደሙት ዓመታት ደግሞ ገናው ራሱ ተከልክሎ ነበር። የተከለከለው የገና ዛፍ «የዘመን መለወጫ ዛፍ» ተብሎ እንዲመለስ የጠየቀው ደብዳቤ ዲሴምበር 28 ቀን 1935 በኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ በፕራቭዳ ወጣ፤ ጸሐፊው ፓቬል ፖስቲሼቭ ነበር። ይህ ሰው በ1933 ስታሊን ወደ ዩክሬን የላከው፣ ሚሊዮኖች ባለቁበት ረሃብ የእህል ወረራውን የመራ ነው። ነዶ የሚያቆሙበት እህል ከገበሬው ቤት ተጠርጎ በወጣ በሁለት ዓመቱ ዛፍ ተሰጣቸው። በደርግ ዘመን በኪየቭ፣ በካርኪቭና በኦዴሳ የተማሩ ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት ያጌጠ ዛፍና ዴድ ሞሮዝ የተባለው ነጭ ጢማም ሽማግሌ የዚህ ፖሊሲ ፍሬ ናቸው።

በጃንዋሪ 1972 የልቪቭ ወጣቶች የቨርቴፕ ጭምብል ለብሰው በየቤቱ እየዘመሩ ለፖለቲካ እስረኞች ቤተሰቦች ገንዘብ ሰበሰቡ። ጃንዋሪ 12 በልቪቭና በኪየቭ እስሩ ጀመረ፤ ቪያቼስላቭ ቾርኖቪል፣ ኢሪና ካሊኔትስ፣ ስቴፋኒያ ሻባቱራ፣ ኢቫን ስቪትሊችኒ፣ ገጣሚው ቫሲል ስቱስ ተያዙ። ስቱስ በ1985 በእስር ካምፕ ሞተ። ዩክሬናውያን ያንን ዓመት «የታሰረችው ኮሊያዳ» ይሉታል። መንግሥቱን ያስፈራው የዘፈኑ ዕድሜ አልነበረም። ያስፈራው፣ ሰዎች ያለ እርሱ ፈቃድ በምሽት ተሰብስበው፣ በር አንኳኩተው፣ በቋንቋቸው ዘምረው፣ ለታሰረ ወገናቸው ገንዘብ ማዋጣታቸው ነበር። ዛሬ በልቪቭና በኪየቭ የሚዞሩት የቨርቴፕ ቡድኖች ሄሮድስን የፑቲን መልክ ሲሰጡት ይታያሉ፤ የሚሰበስቡት ገንዘብም ለቆሰሉ ወታደሮችና ለድሮን መግዣ ይውላል።